ድመቷ ያለችበት ቪዲዮ

ከለቡ ወደ ላፍቶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ስልኳን የምታናግረው ሰው ጆሮ ላይ ዘጋችበትና አጠገቧ ወዳለው የማታውቀው ሰውዬ ዞረች።

«ፋብሪካው ገንዘብ አልደረሰኝም ይላል፤ ኤጀንቱ ከፍያለሁ ይላል! የበር ቁልፍ ነው ያዘዝኩት። ፉሪ አንድ ሙሉ ሕንፃ ያለ ቁልፍ ቆሞ እኔን ይጠብቃል።»

«ለምን ራስሽ ለፋብሪካው አልከፈልሽም?»

«በምን ዶላር ጋሼ? ብሩን እዚህ ለኤጀንቱ ዘመድ ሰጠሁ። እሱ እዚያ ቻይና ሆኖ ሊከፍልልኝ ነበራ!»

«እህቴ፣ ሰው መምረጥ ነው እንጂ! እኔ ይኸው ስንት ዓመት በኤጀንት ሳስመጣ ማንም አልሸወደኝም።»

«እኔም የመረጥኩ መስሎኝ ነዋ! ዕቃሽ እየተጫነ ነው ብሎ ቪዲዮ ሁሉ ልኮልኛል።»

«ቪዲዮማ እንዲህ ነው። እዪው፣ ትናንት ኤጀንቴ የላከልኝ ነው። የቧንቧ ዕቃዬ ኮንቴነር ውስጥ ሲገባ ይታያል።»

ስልኩን ተቀብላ ትንሽ እንዳየች ድምጿ ተቀየረ።

«አሁን አንዲት ነጭ ድመት ካርቶኑ ላይ ትዘላለች።»

«እ… አዎ፣ ዘለለች። በምን አወቅሽ?»

«የኔ ቁልፍ ነዋ ጋሼ! ይኼ ካርቶን ለኔ ካለፈው ወር ጀምሮ እየተጫነ ነው!»

«ምን?»

«ድመቷም ያቺው፣ ካርቶኑም ያው! ይኼ ውሻ ኤጀንት!»

«ኧረ በማርያም… ቀሪውን ሂሳብ እኮ ዛሬ ጠዋት ነው ለዘመዱ የሰጠሁት!»

የምወርድበት ቦታ በመስኮቱ ሲያልፍ እያየሁት ወራጅ ሳልል ቀረሁ።