ሳምንቱን ሙሉ ጁምዓ

(ድሬዳዋ፤ በሳልሚን የማንዲ (የየመን ሩዝ በሥጋ) ምግብ ቤት ጓዳ። ሳልሚን ነገ ጠዋት የአንጀት ምርመራ አለበት፤ ታላቅ እህቱ ፈትሒያ የበግ አጥንት ሲግጥ ይዛዋለች።)

ፈትሒያ፦ አስቀምጠው አልኩህ! ሐኪሙ ዛሬ ሾርባ ብቻ አላለህም?

ሳልሚን፦ ይሄም ሾርባ ነበረ፤ ውሃው ደረቀ እንጂ።

ፈትሒያ፦ ቀልድ! ሽንት ቤት ደም ያየህ ቀን ግን እንዲህ አልቀለድክም።

ሳልሚን፦ ኪንታሮት ነው ብዬሻለሁ።

ፈትሒያ፦ ማሻአላህ፣ ዶክተር ሳልሚን! ሩዝ እየቀቀልክ መቼ ተመረቅክ? ቀበቶህስ አዲስ ቀዳዳ የተበሳለት በኪንታሮት ነው?

ሳልሚን፦ ምግቤን ብቻ አትንኪ። የየመን አባቶቻችን ምግብ መድኃኒት ነው። ካንሰር የፈረንጅ ምግብ የሚበላ ሰው በሽታ ነው።

ፈትሒያ፦ ጎበዝ፣ ስሙን ጠራኸው! በቤታችን እኮ «ያ በሽታ» ነው የሚባለው። አጎታችን አወድ በእሱ ሲሞቱ፣ ቡዳ በላቸው ብለን ስንት ዓመት ጎረቤት ስናማ ኖርን።

ሳልሚን፦ ባባስ? ማንዲ እየበሉ ሰማንያ አምስት ደፈኑ።

ፈትሒያ፦ ባባ ሥጋ የሚያዩት ጁምዓ ጁምዓ ነበር! ቅዳሜ ፉል፣ እሁድ ምስር፣ ሰኞ የቅዳሜው ፉል። አንተ ሳምንቱን ሙሉ ጁምዓ አደረግከው። ለስላሳውስ? ከየመን ሐድረመውት በግመል ነው የመጣው?

ሳልሚን፦ ባለቤቱ ምስር ሲበላ ደንበኛ ቢያይ ማን ይገባል?

ፈትሒያ፦ ባለቤቱን ቃሬዛ ላይ ሲያዩ ይጋፉልሃል!

ሳልሚን፦ አታሟርቺ! እሺ፣ ሌላ ቀን እሄዳለሁ። ነገ ትልቅ ትዕዛዝ አለብኝ።

ፈትሒያ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አሳላፊህን ጠይቄ፣ ምንም ትዕዛዝ የለም ብሎኛል።

ሳልሚን፦ በቃ፣ ፈራሁ! ደስ አለሽ?

ፈትሒያ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ሳልሚን፦ ላንቺማ ተረት ቀላል ነው። ዕድሜሽን ሙሉ ምስር ስትበዪ፣ አንቺን ምን ያገኝሻል?

ፈትሒያ፦ አገኘኝ።

ሳልሚን፦ ምኑ?

ፈትሒያ፦ እሱው። ባለፈው ወር አዲስ አበባ ለሰርግ ሄድኩ ያልኩህ ለምርመራ ነበር። ገና ጮርቃ ነው፣ ቆርጠን እናወጣዋለን ብለውኛል።

ሳልሚን፦ ያ ረቢ! አንቺ? በምስር?

ፈትሒያ፦ ምስር ይረዳል እንጂ ዋስ አይሆንም። በዘርም ይመጣል አሉኝ። ሐኪሙ «ወንድም አለሽ?» ሲለኝ፣ «እስካሁን አለኝ» አልኩት።