ሽሮው እና ሻምፒዮኑ

ለንደን፣ ኬኒንግተን ሰፈር ሳለሁ ጁን ከሚባል ፊሊፒናዊ ጋር አፓርታማ እጋራ ነበር። አገሩ ላይ የጂምናስቲክ ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው፤ ትከሻው ሲጎዳ ተወውና ለንደን መጥቶ አዛውንት መንከባከብ ጀመረ። አንድ ቀን ሽሮ ጥጄ ቆሻሻ ልጥል ስወርድ ጁንም ሊያግዘኝ ተከተለኝ። በሩ ከኋላችን ተዘጋ፤ ቁልፎቻችን ውስጥ ቀሩ። ወዲያው በመስኮታችን ጭስ ይወጣ ጀመር።

«ቤቱ መቃጠሉ ነው!» አልኩት።

ጁን ጫማውን አውልቆ በውሃ መውረጃው ቧንቧ ሰገነታችን ላይ ወጣ። ገብቶ ምድጃውን አጠፋ። እኔ አሁን በሩን ይከፍትልኛል ስል፣ እሱ ተመልሶ በሰገነቱ ብቅ አለ። የሰገነቱን ብረት ይዞ ተወዛወዘ፣ አየር ላይ ተገለበጠና ሣሩ ላይ ቆሞ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ጎረቤቶች አጨበጨቡ።

«በሩስ?» አልኩት።

«ሳርፍ ግራ እግሬ ተነቃነቀ፤ አየኸው?»

«ጁን፣ በሩ!»

«ልድገመው» ብሎ ወደ ቧንቧው ሄደ።

ኮሌታውን ያዝኩት። «እኔም በልጅነቴ ከግንብ ዘልያለሁ። ከኋላዬ ይተኮስ ነበር። እግሬን ያየልኝ ሰው የለም» አልኩት። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ጁን ዞሮ አየኝ። ያዘነልኝ መስሎኝ ነበር።

«ስታርፍ ጉልበትህን አጥፈህ ነበር?» አለኝ።

«አላጠፍኩም።»

ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። ከዚያ በቧንቧው ወጥቶ በሩን ከፈተልኝና፣ ያረረውን ሽሮ ከመብላታችን በፊት ምንጣፉ ላይ እንዴት እንደሚታረፍ አስተማረኝ።