«ከውሃው ተቆጠቡ»

በኛ ጊዜ እኮ ውሃ ወደ ቤት አይመጣም፣ እኛ ነን ወደ ውሃ የምንሄደው። እዚሁ መርካቶ፣ ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ፣ የሰፈር ቦኖ ነበር፣ ሁለት ቧንቧ ያለው፣ ሰው ጀሪካኑን ደርድሮ ወረፋ የሚይዝበት። የዚያ ቦኖ ጠባቂ እኔ ነበርኩ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እከፍታለሁ፣ ስድስት ሰዓት እዘጋለሁ። ደርግ ከሄደ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ ቀበሌው አዲስ ሰው ገብቶበታል፣ ወረቀቱም በዝቷል። ስብሰባ ነው ወረቀት፣ ምዝገባ ነው ወረቀት።

እና እኔ ደግሞ አንባቢ ነኝ። አትሳቂ እንጂ፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝ፣ የምስክር ወረቀቴ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ቀበሌው ማስታወቂያ የሚለጥፈው እዚያው ቦኖው ግንብ ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ እዚያ ይቆማላ። ወረፋ ከያዘው ግማሹ ማንበብ አይችልም፣ ግማሹ ቢችልም ይሰንፋል፣ «ወለላ፣ ምን ይላል?» ይለኛል። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደ ራዲዮ ሰው አነብላቸዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ጠዋት ቦኖውን ልከፍት ስሄድ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። ረቡዕ ከሰዓት እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው የለጠፉት። ማህተሙ ክብ፣ ፊርማው ረጅም። ወረፋው ተሰብስቧል፣ አነበብኩ። አሁንም በቃሌ ነው የያዝኩት፣ ስሚ፦ «ለአካባቢው ነዋሪዎች በሙሉ። ከሐሙስ ጀምሮ ለተከታታይ ሦስት ቀናት በውኃ ማሠራጫ መስመሮች ላይ የንጽሕና አጠባበቅ ተግባራት የሚከናወኑ መሆኑን ከግምት ውስጥ በማስገባት፣ ኅብረተሰቡ በተጠቀሱት ቀናት ከውኃ አጠቃቀም እንዲቆጠብ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ሰው ሁሉ አፌን ያያል። «እና ምን ማለት ነው?» አለች ዘይነባ። ዘይነባ ጎረቤቴ ናት፣ በርበሬ ትሸጣለች፣ ስንት ዓመት ለምና ያገኘችውን የሰባት ወር ልጅ አዝላለች። እኔ ምን ልበል፣ «መስመሩን ሊሠሩት ነው፣ ሦስት ቀን ውሃ ይጠፋል፣ ከአሁኑ ቀድታችሁ ቆጥቡ ነው የሚለው» አልኩ። አንቺ ብትሆኚስ ምን ትያለሽ? ራዲዮኑ ጠዋት ማታ «ውሃ ቆጥቡ፣ ውሃ ቆጥቡ» ሲል አይደል የሚውለው።

በቃ፣ ሰው ተሯሯጠ። በርሜል ያለው በርሜል፣ ባልዲ ያለው ባልዲ፣ ድስት ሳይቀር ወጣ። እኔ ደግሞ ለዘይነባ አዘንኩላትና «ልጅ ያዘለች ናት፣ እሷ ትቅደም» ብዬ ከፊት አስቀዳኋት፣ ሁለት በርሜል ሙሉ። ውሃው ትንሽ ይሸታል። ሐጂ ሰይድ፣ ጎጃም በረንዳ መጋዘን ያላቸው ሽማግሌ፣ በጣታቸው ቀመሱትና «ወለላ፣ ይሄ ነገር የሐኪም ቤት ሽታ የለውም?» አሉኝ። እና ምን ብል ጥሩ ነው? «መስመሩን ስላጸዱት ነው ሐጂ፣ ንጹህ ውሃ እንዲህ ነው የሚሸተው» አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። እንኳን ወረቀቱን ሽታውንም አነበብኩላቸው።

ወደ አምስት ሰዓት ገደማ አንድ የውሃ ሠራተኛ መጣ፣ ቦቲ ጫማ ያደረገ፣ ትልቅ መፍቻ የያዘ። ወረፋውን ሲያይ ክው አለ።

«እናቴ፣ ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ውሃ እየቆጠብን።»

«ማን ቅዱ አላችሁ?»

«ወረቀቱ።»

ሄዶ አነበበው። አንዴ አነበበ፣ ደገመ፣ ራሱን አከከ። «እኔ ይሄን አልጻፍኩም» አለ፣ «እኔ የማውቀው መስመሩን በኃይለኛ መድኃኒት እያጠብነው ነው። ውሃው ውስጥ መድኃኒት አለ። አትጠጡት፣ የቀዳችሁትን ድፉት።» ልብ አድርጊ፣ የዚያን ቀን የገባኝ የመጀመሪያው አማርኛ ይሄ ነው።

ቧንቧውን ዘጋው፣ እኔ ነጠላዬን አገልድሜ በየበሩ ሮጥኩ። «ድፉት፣ ድፉት፣ መድኃኒት አለው» እላለሁ። ማን ይስማኝ? ጠዋት ሙሉ ተሰልፈው የቀዱት ውሃ ነው። ሐጂ ሰይድ መጋዘናቸው በር ላይ ቆመው «ወለላ፣ ጠዋት ቅዱ አልሽ፣ ቀዳን። አሁን ድፉ አልሽ። ከሰዓት መጥተሽ ደግሞ ከመሬት ልቀሙት ልትይን ነው?» አሉኝ። እሳቸው ቀልደው ደፉት፣ ሌላው ግን አጉረመረመ።

ዘይነባ ቤት ስደርስ ግን ቀልድ የለም። በዚያ ውሃ የዱቄት ወተት በጥብጣ ልጁን አጠጥታዋለች። ሕጻኑ ያስመልሳል፣ ያስመልሳል፣ ዓይኑ ሰርጉዷል። ዘይነባ «እትዬ ወለላ፣ ምን ሆነብኝ?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ አውቃለሁ ምን እንደሆነ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ለጠላትም አልመኝ። በታክሲ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጭኗ ላይ ስናገላብጠው ዋልን። ኋላ ነርሷ «ተርፏል፣ ዛሬ ጡት ብቻ ስጪው» አለቻት። ከዚያ ነው የተነፈስኩት።

ባልዋ ሸረፋ ከሱቁ እየሮጠ መጣ። ይጮህብኛል ስል አልጮኸም። ቀስ ብሎ «ወለላ፣ አንቺ ነሽ ያነበብሽላት» አለኝ፣ ልጁን ተቀብሎ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አርብ ጠዋት ወረቀቱን ከግንቡ ገነጠልኩና ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ታደለ የሚባል ልጅ ነው፣ ከኮሌጅ የወጣ፣ ጨዋ፣ ከራባቱን አጥብቆ የሚያስር።

«አንተ ነህ የጻፍከው?» አልኩት።

«አዎ እትዬ ወለላ። ምን ሆኑ?»

«ተነስ፣ አንድ ቤት ሄደህ ታነብልኛለህ።»

«ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

«ይሄም ሥራህ ነው።»

ምን እንደታየው አላውቅም፣ ተነሳ። ወደ ዘይነባ ቤት ወሰድኩት። ልጁ እናቱ ጭን ላይ ደክሞት ተኝቷል፣ ሸረፋም አለ። «በል አንብብ» አልኩት። ታደለ ወረቀቱን ያዘ፣ «ለአካባቢው ነዋሪዎች በሙሉ» ብሎ ጀመረ። «ከግምት ውስጥ በማስገባት» ላይ ሲደርስ ሕጻኑን አየው። ወረቀቱን አጠፈው።

«ውሃውን አትጠጡ ማለት ነው የፈለግኩት» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የእትዬ ወለላ አይደለም።»

ሸረፋ ትክ ብሎ አየው። «ታዲያ ለምን እንደዚህ አላልክም?»

«እንደዚህ ብዬ ከጻፍኩ ሊቀመንበሩ አይፈርሙልኝም። ‹ይሄ የመንግሥት ጽሑፍ አይመስልም› ይሉኛል።»

ሸረፋ ዘወር ብሎ ለእኔ ወንበር ሳበልኝ። በዚያ ታረቅን።

ታዲያ ምን ሆነ መሰለሽ፣ በሁለተኛው ሳምንት ታደለ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ቦኖው ጋ መጣ፣ እጁ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት። «እትዬ፣ ሳልለጥፈው ለወረፋው ላንብበው» አለኝ። የክትባት ማስታወቂያ ነው። አነበበ፦ «ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ወላጆች ሕጻናቶቻቸውን ይዘው እንዲቀርቡ።» ከዚያ አንዷ «ልጄ፣ ከአምስት ዓመት በታች የሆነች ወላጅ እኛ ሰፈር የለችም፣ ሸማ ተራ ጠይቅ» አለችው። ሴቱ ሁሉ ጀሪካኑ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ታደለ ፊቱ ቀላ፣ ግን እስክሪብቶውን አወጣ። «እሺ፣ እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትላላችሁ?» «አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ልጃችሁን ይዛችሁ ቀበሌ ኑ» አለች ዘይነባ። ጻፈው።

ሌላ ቀን ደግሞ «ባለድርሻ አካላት» የሚል ይዞ መጣ። ሐጂ ሰይድ «የምን ድርሻ? ትርፍ ልታካፍሉን ነው?» አሉት። «አይ ሐጂ፣ ጉዳዩ የሚመለከታችሁ ማለት ነው።» «እንግዲያው ጉዳዩ የሚመለከታችሁ በል፣ ሰው ትርፍ ብሎ መጥቶ መዋጮ ስትጠይቁት ይጣላችኋል።» ሰረዘው። ሴቶቹ እየለመዱት ሲሄዱ ጭራሽ ይጨቃጨቁ ጀመር፣ አንዷ «ኑ በል» ስትል ሌላዋ «ኑ ቁጣ አለው፣ እንድትመጡ በል» ትላለች፣ ውሃው ሞልቶ ይፈሳል፣ እኔ «ጀሪካንሽን አንሺ» እላለሁ።

ሊቀመንበሩ የክትባቱን ወረቀት ወዲያው አልፈረሙም። «ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ የጎረቤት ወሬ?» አሉት አሉ። ታደለም «ማህተም ካረፈበት ማስታወቂያ ነው ጌታዬ» አላቸው። እየተነጫነጩ ፈረሙ። የክትባቱ ቅዳሜ ወረፋው አስፋልት ድረስ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማጉረምረማቸውን ባይተዉም ፊርማቸውን አልከለከሉትም።

እንዲህ ስንል ዓመታት ሄዱ። ቧንቧ በየግቢው ገባ፣ ቦኖው ጋ የሚመጣው ሰው እያነሰ፣ እያነሰ። አንድ ቀን ለኔ ደብዳቤ መጣ፣ ስሜ ያለበት። ታደለ ነው የጻፈው፣ እንዲህ ይላል፦ «እትዬ ወለላ። ውሃ በየቤቱ ስለገባ ቦኖው ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ እዚህ ሥራ አይኖርዎትም። ይህ የሆነው ስላጠፉ አይደለም። ሌላ ሥራ እንድንፈልግልዎ ከፈለጉ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ቢሮ ቁጥር ሁለት ይምጡ። መታወቂያዎን ይያዙ።»

አንዴ ነው ያነበብኩት። ባዶ ጀሪካን ገልብጬ ተቀመጥኩበት። ስንት ዓመት የቆምኩበት ቦታ ነው። ተናደድኩበትም፣ ለኔ እንኳን ትንሽ ከበድ አድርጎ ቢጽፍልኝ ምን ነበረበት አልኩ፣ ሁለት ሦስት ቀን ሳይገባኝ እሰነብት ነበር።

ማክሰኞ ሄድኩ። ታደለ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ።

«እትዬ፣ ደብዳቤው ገባዎት?»

«ገባኝ እንጂ።»

«ሦስት ጊዜ ቀድጄ ነው የጻፍኩት» አለ፣ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «‹በመዋቅራዊ ለውጥ ምክንያት› የሚል ነበረው መጀመሪያ። እርስዎን እንደዚያ ማለት አፈርኩ።»

እኔም ተውኩት፣ ንዴቱን። መዋዕለ ሕጻናት ውስጥ ልጆች የምጠብቅበት ሥራ አገኘልኝ፣ ጡረታ እስክወጣ እዚያ ሠራሁ፣ ጥሩ ሥራ ነበር። የዘይነባ ልጅም ይኸው ሰው ሆኗል፣ አሁን የራሱ ሱቅ አለው።

«እና እትዬ» አልኳቸው፣ እስካሁን ዝም ብዬ ድምፃቸውን የምቀዳው እኔ፣ «የማይገባው ወረቀት ይሻላል ወይስ የሚያስለቅሰው?»

ሳቅ ሳቅ አላቸው።

«የሚያስለቅሰው ይሻላል ልጄ። በመጀመሪያው ወረቀት ጊዜ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ዘይነባን ከፊት ሳስቀዳት። በሁለተኛው አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ የት እንደምሄድ አውቅ ነበር።»