ለታብሌት የተነገረ መርዶ

ሰሞኑን የልጄ የማርታ መምህርት ደወለችልኝ። «ልጅዎ አንድ ጥያቄ ላይ ቆማ ቀረች፤ ጓደኞቿ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ጥለዋት ሄዱ። እባክዎ መጥተው ይዩልኝ» አለችኝ። ሥራዬን ትቼ ከገሳይ ከተማ ወደ ደብረ ታቦር ተመልሼ ትምህርት ቤቷ ደረስኩ። ማርታ የክፍሉን ታብሌት ታቅፋ ተቀምጣለች። ጥያቄው ቀላል ነው። ቤትና ቤተ ክርስቲያን ተስለዋል፤ አባት፣ እናትና ልጅን በጣት እየጎተቱ ቤታቸው ማስገባት ነው። እሷ አባትንና ልጅን ቤት አስገባች፤ እናትን ግን ወስዳ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አስቀመጠቻት። ታብሌቱ በለስላሳ ድምፅ «እንደገና ሞክሩ» አላት። መምህርቷ አዲስ ናት፤ ክረምት ላይ ባለቤቴን እንደቀበርን አልሰማችም።

«እናትንም ቤት አስገቢያትና እለፊ» አልኳት።

«ውሸት ነዋ፣ አባዬ። እሱ ገና አልሰማም፤ ንገረው።»

ያን ቃል እስከዚያ ቀን ድረስ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር፤ ለዘመድ ያረዱልኝ ጎረቤቶች ናቸው። ግን ታብሌቱ ምን ይል ይሆን ብዬ ጓጓሁ። ጎንበስ አልኩና «የማርታ እናት ሞታለች» አልኩት። መምህርቷ አፏን በእጇ ያዘች። ማርታ እናትን እንደገና ጎትታ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አስቀመጠቻት።

«እንደገና ሞክሩ» አለ።

ታለቅሳለች ብዬ ስፈራ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። «ተወው አባዬ። አንተም መጀመሪያ ሲነግሩህ አላመንክም ነበር።»