ሽልማቱና የእሁዱ ምስክርነት

ሽልማት ማንንም ጸሐፊ ሲያሻሽል አይቼ አላውቅም። ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ በሚሄደው ታክሲ፣ ከኋላዬ የተቀመጡት ሁለት ወጣት ሴቶች ግን እንዲህ ይባባሉ ነበር።

«ለጀማሪ ሌዝቢያንና ጌይ ጸሐፊዎች የሚሰጠውን? አሸነፍሽ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ! ታክሲ ውስጥ ነን።»

«እሺ፣ በሹክሹክታ ልኩራብሽ።»

«እማዬ እሁድ ቸርች ምስክርነት ልትሰጥ ነው። ‹ልጄ በጽሑፍ ተሸለመች› ብላ።»

«ወይኔ! ስለ ምን ጻፈች ቢሏትስ?»

«እኔም ያንኑ ፈርቼ ታሪኩን እንድታነበው ሰጠኋት።»

«አንቺ እብድ! ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ጨርሳ መነጽሯን አወለቀች።»

«ከዚያስ?»

«‹ሁለቱን ሴቶች እንጦጦ ድረስ አውጥተሽ፣ ለምን አለያየሻቸው?› አለችኝ።»

«አላለችሽም!»

«በእግዚአብሔር! አለቀስኩ።»

«ምስክርነቱስ ቀረ?»

«ምን ይቀራል! ‹ልጄ ስለ ፍቅር ጽፋ ተሸለመች እላለሁ፤ ከዚያ በላይ የጠየቀኝ እሱም ጽፎ ይሸለም› አለች።»

«እኔ ሽልማቱን ለእሷ ነበር የምሰጠው።»

ሁለቱም ድምፃቸውን መቀነስ ረስተው ሲስቁ፣ ከየካ አባዶ ጀምሮ አጥፌ የያዝኩትን፣ ስለ ሁለት አሃዝ ዕድገት የሚያትተውን ጋዜጣ ሳቃቸውን ልሸፍንላቸው በኃይል እያንኮሻኮሽኩ ገለጥኩት።