ሽምግልና በኤጀንሲው ቢሮ

በኛ ጊዜ ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነበር፤ ዛሬ ግን ልጆቼ፣ በስልክ ሆኗል። ትግስትን ታውቋታላችሁ፣ የእህቴን ልጅ፣ ይቺን ከባሏ ከዳንኤል ጎን የተቀመጠችውን። ነርስ ናት፣ ቋሚ ሥራ አላት፣ ታዲያ አንድ ኤጀንሲ ደወለላትና ሰሜን እንግሊዝ አንድ ሆስፒታል ሦስት ወር ትሠሪያለሽ፣ ቤቱን እኛ እንይዝልሻለን፣ እስከ ዓርብ ፈርሚ አላት። እና እሷም ቋሚውን ለቃ ልትሄድ ነው። ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው ልጄን ይዞ ሊሄድ? ሞቼ ነው ቆሜ።

ታዲያ ጋሼ ሙሉጌታን ጠራኋቸው። እዚህ ለንደን፣ ቶተንሃም ጎረቤቴ ናቸው፣ ባስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ስንቱን አጋብተዋል፣ ስንቱን አስታርቀዋል። እኔ ነጠላዬን ለበስኩ፣ እሳቸው ከረባታቸውን አሰሩ፣ ካምደን ወደ ኤጀንሲው ቢሮ ወረድን። ትግስት መንገዱን ሙሉ «አክስቴ፣ ኧረ ይተዉ፣ ኦንላይን ቼክ አደርገዋለሁ» ትላለች። ማን ሰምቷት።

በሩ ላይ ስንደርስ ጋሼ ቆም አሉና እንደ ወጉ ቃሉን ሳንሰማ አንቀመጥም፣ ቆመን ነው የምንነጋገረው አይሉኝም? ተናደድኩ። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? እኛ እኮ የሴት ወገን ነን። ልጅ የፈለገው እሱ፣ የሚቆመውም እሱ።» አሰቡ፣ አሰቡና «ልክ ነሽ» አሉ።

እና ገባን። ቢሮው ጠባብ፣ ወንበሩ ሦስት፣ አንዱ የራሱ የደወለላት ልጅ፣ የኤጀንሲው ሠራተኛ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ፈረንጅ ቢሆንም፣ ሽማግሌ አይቶ ብድግ ሲል ጋሼ አመስግነው በሱ ወንበር ላይ ዘፍ። እኔ ተቀመጥኩ፣ ትግስት ተቀመጠች፣ ልጁ ቆመ። በወጉ ቆመላችሁ።

ታዲያ ጠየቅነው። ከዚህ በፊት ማንን ልከሃል? ለምን ተመለሱ? ቤቱ ከሆስፒታሉ ይርቃል? ልጁ አንዴ በግራ እግሩ አንዴ በቀኝ እየቆመ ቼክ አደርጋለሁ፣ ቼክ አደርጋለሁ ይላል። ጋሼ ኮስተር ብለው በዚያ በባስ ሹፌር እንግሊዝኛቸው «ሆስፒታሉ መሃል ላይ አልፈልጋትም ቢልስ?» አሉት።

«ሆስፒታሉ በፈለገው ቀን ውሉን ካንስል ማድረግ ይችላል» አለ።

«እሷስ?»

«እሷ ከመልቀቋ በፊት የአንድ ወር ኖቲስ መስጠት አለባት።»

እስከዚያ አንገቷን ደፍታ የነበረችው ትግስት ይኼኔ ቀና አለች። «ቋሚ ሥራዬን ለቅቄ? ሆስፒታሉም የወር ኖቲስ ይስጥ፣ ይጻፍና እፈርማለሁ» አለችው። ልጁም እጠይቃለሁ አለ። ስንወጣ ዞር ብዬ ባየው ወንበሩ ላይ ወድቋል፣ አንጀቴን በላው።

ዓርብ ደወለ፣ ሆስፒታሉ እምቢ ብሏል። እና ትግስት ሥራዋ ላይ አለች፣ ተመስገን።

(ይኼኔ ትግስት ገባችበት፦ «አክስቴ፣ ለሦስት ወር ሥራ ያን ሁሉ ጠየቃችሁ። የዳንኤል ሽማግሌዎች የመጡ ቀን ግን አንድ ነገር ሳትጠይቁ ነው እሺ ያላችሁት።» ዳንኤል ሻዩን አስቀመጠ።)

ለሱ ምን ይጠየቃል ልጄ። እሱ እኮ ካንስል ማድረግ አይችልም።