ትንፋሽ ቆጣቢው ልብስ ሰፊ

የባለቤቴን ኮት በልኬ ላስጠብብ ወደ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ስወጣ፣ እሳቸውኑ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የእህታቸው ልጅ፣ የስፖርት አስተማሪዋ፣ አጠገባቸው ቆማለች። የሚያድሩትም የሚሰፉትም ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ከዓመት ወዲህ ደረጃውን እርግፍ አድርገው ትተው፣ ጨርቁንም ምሳቸውንም በመስኮት በቅርጫት ይስቡ ነበር። ወንድ ልጃቸው ደግሞ፣ «ደረጃ ካቃተዎት ሱቁ ይዘጋል፤ በሚመጣው ወር መጨረሻ ቁልፉን እረከባለሁ» ብሏቸዋል። ያን ዕለት በእህታቸው ልጅ ጉትጎታ ወርደው ሲመለሱ ነው መሃል ላይ የቀሩት።

«ትንፋሽ እንደ ክር ጥቅልል ነው፤ ከተረተርሽው ያልቃል» አሉ እያለከለኩ። «እኔ ጨርቅ ስቆርጥ እንኳ ትንፋሼን ይዤ ነው የኖርሁት።»

«አጎቴ፣ ሐኪሙ ልብዎም ሳንባዎም ደህና ነው፣ ይንቀሳቀሱ አላለም?»

«እሱ ምን አለበት፤ የሚወጣው እኔ።»

«እሺ፣ የስፌት መኪናዎ ዓመት ሳይነካ ቢቀመጥ ምን ይሆናል?»

«ይከብዳላ። ይሄን ለኔ ትነግሪኛለሽ?»

«እግርዎም እንዲሁ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ የተቃጠለውንም አየር ማስወጣት አለበት። ትንፋሽ የሚፈጥነው ለዚህ ነው። ማለክለክ ማለቅ አይደለም፣ ሥራ ነው። ያልለመደ ጡንቻ ግን የመጣለትን አየር በደንብ አይጠቀምበትም፤ ቶሎ ይዝልና ትንፋሽን ያጣድፋል። ሲለምድ፣ በዚሁ ደረጃ ላይ ትንፋሽዎ ይረጋል።»

«ተምራ ተምራ አጎቷን የስፌት መኪና አደረገችው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይዳኙን።»

«ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ‹አትድከሚ፣ ተቀመጪ› ያላለኝ ሰው የለም» አልኋቸው። «ተቀመጥሁ። ትንፋሽ ያጠረኝ ያኔ ነው።»

ሽማግሌው የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ተነሱ።

«እንግዲያው ያ ልጄ ቁልፏን አያገኛትም።»

«በዝግታ፣ አጎቴ። መናገር እስኪያቅትዎ አይፍጠኑ፤ ደረትዎን ከወጋዎት ደግሞ ይቁሙ።»

«መናገርማ መች አቅቶኝ ያውቃል።»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ድምፃቸው አይጠፋም። መጀመሪያ በየፎቁ እያረፉ፣ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጨረሻም ሰው እያሙ ያለ ዕረፍት ይወጡ ጀመር። ሌሊትም ጥሩ እንቅልፍ ይወስዳቸው ጀመር። መቀስ ሲይዙም ይተነፍሳሉ፤ ጨርቁም አልተጣመመም። ቅርጫቱ የቁርጥራጭ ማጠራቀሚያ ሆነ።

በተባለው ወር መጨረሻ ልጃቸው ሲመጣ፣ ኮቱን ልወስድ ሱቁ ውስጥ ነበርሁ። ከሚነዳው መኪና ወንበር እምብዛም የማይነሳ ሰው ነውና፣ በሩን ተደግፎ አለከለከ።

«አባባ... ቁል...»

ሽማግሌው ወንበር ሳቡለት።

«አረፍ በል፣ ልጄ። ትንፋሽህ ሲመለስ ስለ ቁልፉ እንነጋገራለን። ነገ ጠዋት ደግሞ አብረን ደረጃ እንወጣለን።»

እኔም ኮቱን እንደለበስሁ ደረጃውን ወረድሁ፤ ታች ደርሼም ተመልሼ ወጣሁ።